ስሙና ግብሩ ያልተስማማ ትምህርት ቤት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል የቈየ ቃል አለን። ስም በሚወጣበት ጊዜ የሚሰየመው ሰው ወይም ቤት ገና ምንም አልሠራም፤ ስለዚህ አባቶች ስምን እንደ ትንቢት ያዩታል፥ ግብሩም ኋላ ተከትሎ ስሙን እንዲመስል ተስፋ ያደርጋሉ። ሆኖም ስሙ ወደ አንድ ወገን ሲጠራው ግብሩ ወደ ሌላ ወገን የሄደ ቤት አለ። ይኸውም በሰሜን አሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በአሌክሳንድርያ ከተማ የሚገኘው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ቤት፥ ልጆች በቀለማቸው ተለይተው መማር ይገባቸዋል ይሉ በነበሩ ሰው ስም ተሰይሞ 56 ዓመት ኖረ፤ በነዚያው ዓመታት ግን ከብዙ አገር የመጡ ልጆች በአንድ ጣራ ሥር የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ። ዛሬ ከነዚህ ልጆች መካከል አማርኛ እየሰሙ ያደጉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ታሪኩን ማወቅ ለእኛም የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሌክሳንድርያ የተመሠረተችው በ1749 ነው። ስሟን የሰማ ካህን ወዲያው የቅዱስ ማርቆስን መንበር ያስባል፤ ከተማዪቱ ግን የተጠራችው የቦታው ባለ ርስቶች በነበሩት በአሌክሳንደር ቤተ ሰብ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ምዕራብ ዳር ተቀምጣ፥ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የወደብ ከተማ ስለ ነበረች ትንባሆና እህል ይጫንባት ነበር፤ ሰውም ይሸጥባት ነበር። ከ1828 እስከ 1836 በዱክ መንገድ ላይ የነበረው የፍራንክሊንና የአርምፊልድ ንግድ ቤት ባሪያዎችን እየገዛ ጥጥ ወደሚመረትበት ወደ ደቡብ አገር ይልክ ነበር፤ በአሜሪካ ውስጥ ከነበሩት ታላላቅ የባሪያ ንግድ ቤቶችም አንዱ ነበር። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላ እንኳ መለያየቱ አልቀረም። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቍር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ደነገገ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለጥቍሮቹ ልጆች በ1920 ፓርከር-ግሬይ የተባለ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ስሙ የሁለት መምህራን መታሰቢያ ነው፤ ጆን ፓርከር የወንዶቹን፥ ሣራ ግሬይ የሴቶቹን ትምህርት ቤት በአለቅነት የመሩ ነበሩ። ቤቱ ግን በመጀመሪያ የሚያስተምረው የታችኛውን ደረጃ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ጥቍር ልጅ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ዋሽንግተን መሄድ ግድ ሆነበት። በአገራችን የቈሎ ተማሪ ከቀዬው ርቆ የሚሄደው ስመ ጥር መምህር ፍለጋ ነው፤ በደረሰበትም ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚሰማው ያገኛል። ያ ልጅ ግን ወንዝ የተሻገረው፥ ትምህርት ቤት በደጁ ሳለ በሩ ስለ ተዘጋበት ነው።

ከነዚያ ወንዝ ተሻጋሪዎች አንዱ በ1913 የተወለደው ሳሙኤል ታከር ነው። 14 ዓመት ሲሆነው ከወንድሞቹ ጋራ በትራም ከዋሽንግተን ሲመለስ፥ በመቀመጫ ነገር ከአንዲት ነጭ ሴት ጋራ ተጣልተው ተከሰሱ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤም በነጻ ለቀቃቸው። ልጁ አድጎ ጠበቃ ሆነ። በኦገስት 1939 አምስት ጥቍር ወጣቶችን አዘጋጅቶ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ላከ። እያንዳንዳቸው መጽሐፍ የሚዋሱበትን ወረቀት ጠየቁ፤ ሲከለከሉም ከመደርደሪያው አንዳንድ መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ተቀምጠው ዝም ብለው አነበቡ። ፖሊስ መጥቶ ያዛቸው። ከተማው በ1940 ለጥቍሮች ለብቻቸው ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ ታከር ግን የዚያን ቤት ወረቀት አልቀበልም አለ፤ እርሱ የጠየቀው ያንኑ በር ነበርና።

በ1930ዎቹ ዓመታት ፓርከር-ግሬይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ በ1950ም አዲስ ሕንጻ ተሠራለት። በዚያ ዘመን የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበላይ ተቈጣጣሪ ቶማስ ቻምብሊስ ዊልያምስ ነበሩ፤ እስከ 1963 ድረስ 30 ዓመት ያህል በዚህ ሹመት ቈይተዋል። በ1954 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ በፈረደ ጊዜ፥ የቨርጂኒያ ሹማምንት ፍርዱን ላለመቀበል ተነሡ፤ በ1958ም ጥቍር ልጆች እንዲገቡባቸው የታዘዙትን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች እስከ መዝጋት ደረሱ። ዊልያምስም የመለያየቱን ሥርዓት በግልጥ ደግፈው ቆሙ። ልጆቻቸውን ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ለማስገባት ከተከራከሩት ወላጆች አንዲቱ በከተማው ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ስለ ክርክሯም ከሥራዋ አስወጧት።

ዳር ዳሩ ግን የዳኛው ትእዛዝ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1959 ዘጠኝ ጥቍር ልጆች በሦስት ትምህርት ቤቶች ገቡ። ቍጥራቸው ጥቂት፥ ዕድሜያቸውም ለጋ ነበር፤ ወታደር ሳይሆኑ የወታደር ሥራ ሠሩ። ያን ቀን በልባቸው ምን እንደ ነበረ፥ እናቶቻቸውም በምን ዐይን እንደ ሸኟቸው፥ ልጁን ለመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ያደረሰ ሰው ሁሉ ሊገምተው ይችላል።

በ1965 በኪንግ መንገድ አጠገብ አዲስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም በቀድሞው ተቈጣጣሪ «ቲ ሲ ዊልያምስ» ተባለ። የተሠራበት ቦታ ጠፍ መሬት አልነበረም፤ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት የወጡ ሰዎች ከነልጆቻቸው ቤት ሠርተው የኖሩበት መንደር ነበር። ከተማው ለትምህርት ቤቱ ሲል ርስታቸውን ወስዶ በዚያው አጠገብ በሌላ ስፍራ አሰፈራቸው። ብዙ ዘመን አልፎ ትምህርት ቤቱ በጨዋታ ሜዳው ላይ የሌሊት መብራት ሊተክል ባሰበ ጊዜ፥ ከነዚሁ ቤተ ሰቦች ወገን የሆኑ ጐረቤቶች «ስንነሣ መብራት አይተከልም ተብሎ ቃል ተገብቶልን ነበር» ብለው ተከራክረዋል። መብራቱም በመጨረሻ ተተከለ።

በዚያው በ1965 ፓርከር-ግሬይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጠቱን አቆመ። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ልጆች ይቀላቀሉ በተባለ ጊዜ ከቦታው የተነሣው የጥቍሮቹ መንደር፥ የታጠፈውም የጥቍሮቹ ትምህርት ቤት ሆነ። ልጆቹ የተሻለ ሕንጻና የተሻለ መጽሐፍ አገኙ፤ ነገር ግን አባቶቻቸው የተማሩበትን፥ መምህሩ የቤተ ሰባቸውን ስም እየጠራ የሚገሥጽበትን ቤት አጡ። በአዲሱ ቤት በር ላይ የተጻፈውም እንዳይገቡ የፈለጉት ሰው ስም ነበረ። ፍትሕ ሲመጣ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያው ሲበደል የነበረው ነው።

በ1970 አንድ ጥቍር ወጣት በአንድ ሱቅ ውስጥ በነጭ የሱቅ ኀላፊ ተገድሎ ከተማው ለብዙ ቀን ታወከ። በ1971 የከተማው ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲጠቃለሉ ተወሰነ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ያሉት ተማሪዎች ሁሉ፥ ነጩም ጥቍሩም፥ ወደ ቲ ሲ ዊልያምስ መጡ። ትናንት ባላንጣ የነበሩ የሦስት ቤት ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ተሰለፉ። በአሜሪካ እግር ኳስ የሚባለው፥ ኳሱን በእጅ ይዘው እየተገፋፉ የሚጫወቱት ጨዋታ በዚያ አገር እጅግ የተወደደ ስለ ሆነ፥ አሠልጣኙ ማን ይሁን የሚለው ክርክር የከተማው ሁሉ ጕዳይ ነበረ። ሄርማን ቡን የተባለ ጥቍር አሠልጣኝ ዋና ሆኖ ተሾመ፤ በከተማው ረዥም አገልግሎት የነበረው ነጩ ቢል ዮስት ደግሞ ከእርሱ በታች ረዳት ሆኖ ለመሥራት ተቀበለ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 13 ጊዜ ተጫውቶ 13 ጊዜ አሸነፈ፤ የግዛቱን ዋንጫም በሮአኖክ ከተማ 27 ለ 0 ረቶ ወሰደ።

ይህ ድል በ2000 «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ» በሚባል ሲኒማ ተሠርቶ፥ ዴንዘል ዋሽንግተንም የአሠልጣኙን ቦታ ይዞ ስለ ተጫወተበት፥ ትምህርት ቤቱ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ሲኒማው ያማረ ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ የሚቀበለው ሰው ግን ይሳሳታል። ከቡድኑ አለቆች አንዱ የነበረው ልጅ በመኪና አደጋ የሽባነት ጕዳት የደረሰበት ሲኒማው እንደሚያሳየው ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ሳይሆን የጨዋታው ወራት ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላው ስሕተት ነው፤ ተመልካቹ ነጭና ጥቍር ልጆች በዚያ ከተማ መጀመሪያ የተገናኙት በ1971 በኳስ ሜዳ ይመስለዋል። ዘጠኙ ልጆች ከገቡ ግን 12 ዓመት አልፎ ነበር። ሲኒማ ጀግናን በአንድ ወቅት ውስጥ ይፈልጋል፤ ዋንጫም ለዐይን የሚታይ ነገር ነው። ከሥራዋ የተባረረችው ምግብ አብሳይ፥ በጸጥታ ያነበቡት አምስቱ ወጣቶች፥ መዝገብ ተሸክሞ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት የተመላለሰው ጠበቃ ዋንጫ አልተሰጣቸውም፤ ያለነርሱ ግን ያ ቡድን ባልተሰበሰበም ነበር።

ከድሉም በኋላ ነገሩ ሁሉ አልተፈጸመም። ብዙ ነጭ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰዱ፤ ሌሎችም ከተማውን ለቀው ራቅ ወዳለ መንደር ወጡ። በትምህርት ቤቱም ውስጥ በአንድ በር የገቡት ልጆች እንደገና ሲለያዩ ታየ፤ ከፍ ያለ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል የነጮቹ ልጆች ሲበዙ፥ በተራው ክፍል የሚበዙት ጥቍሮቹ ነበሩ። ይህ መምህራኑንና ወላጆቹን ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ነገር ነው። ሕግ በሩን ሊያስከፍት ይችላል፤ ከገቡ በኋላ አብሮ መቀመጥን የሚያስተምረው ግን የየዕለቱ ልማድ ነው።

ይህም ልማድ በልዩ ልዩ መንገድ ተተከለ። ተማሪዎቹ «ቲዮጎኒ» የሚባል ጋዜጣ ያወጣሉ። የቤቱ ታንኳ ቀዛፊዎች በፖቶማክ ላይ ይወዳደራሉ፤ የቀደሙት ጥቍር ልጆች ትምህርት ፍለጋ የተሻገሩት ወንዝ ዛሬ የልጆቻቸው የጨዋታ ስፍራ ሆኗል። በ1986 ተመራቂዎች ለከፍተኛ ትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ የሚረዳ ማኅበር በከተማው ተቋቋመ። በ2007 አሮጌው ሕንጻ በአዲስ ተተካ። የኳስ ሜዳውም ፓርከር-ግሬይ ተብሎ ተጠራ፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ በሩ በዊልያምስ፥ ሜዳው በሁለቱ ጥቍር መምህራን ስም ሲጠራ ኖረ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ወደ ታሪኩ ይገባሉ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በ1965 የአሜሪካ መንግሥት ስለ መጤዎች አዲስ ሕግ አወጣ። የቀድሞው ሕግ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ሲያዳላ፥ ለአፍሪቃና ለእስያ ሰዎች በሩን አጥብቦት ነበር፤ አዲሱ ይህን አድልዎ አነሣ። ሕጉ የወጣው የጥቍር አሜሪካውያን የመብት ትግል የአገሩን ልብ ባናወጠበት ጊዜ ነው፤ በገዛ አገሩ ልጆች መካከል ማዳላት ነውር ነው የተባለበት ዘመን በእንግዳውም መካከል ማዳላትን ነውር አደረገው። ከ1974 በኋላ ኢትዮጵያውያን በመከራ ምክንያት ከአገራቸው ሲወጡ፥ በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ተጨምሮበት፥ ብዙዎች በዋሽንግተንና በዙሪያው ሰፈሩ። በአሌክሳንድርያ ምዕራብ በኩል ባሉት ፎቆችም ብዙ የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ይኖራል። አባት ሌሊት መኪና ይነዳል፤ እናት በሆቴል ወይም በሆስፒታል ትሠራለች፤ ልጅ ጠዋት ወደዚህ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የከተማው ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ለወላጆች የሚልከውን ማስታወቂያ ከእስፓኝኛ፥ ከዐረብኛና ከዳሪ ጋራ በአማርኛም ያወጣል። ከ4,000 በላይ ተማሪዎች ባሉበት በዚህ ቤት፥ እንግሊዝኛን አዲስ ለሚማሩ መጤ ልጆች ከ2012 ጀምሮ የተለየ የትምህርት ክፍል ተቋቁሞላቸዋል።

እንዲህ ያሉት ልጆች ሁሉ የሚጠሩት «የቲሲ ልጆች» ተብለው ነበር። ለነርሱ ስሙ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ በልብሳቸው ላይ የተጠለፈ፥ በጨዋታ ላይ የሚዘመር፥ ከጓደኛ ፍቅር ጋራ የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ ስሙ ይለወጥ የሚል ድምፅ በየጊዜው ሲነሣ የተቃወሙት ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይገባም። «ስሙን እኛ በሥራችን አጥበነዋል፤ ዛሬ የሚያስታውሰን እኛን እንጂ ሰውዬውን አይደለም» የሚል ክርክር ነበራቸው። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊሸከም እንደሚችል ያውቃልና።

በሌላው ወገን የቆሙት ግን እንዲህ ብለው መለሱ፤ አያቱ በዚህ ሰው ትእዛዝ ከበር የተመለሰ ልጅ የሰውዬውን ስም በደረቱ ላይ ለጥፎ እንዲሮጥ ማድረግ ይገባልን? ወርቁን ያወቀ ሰው ሰሙን እያየ ዝም ሊል ይችላል፤ ልጅ ግን የሚያነበው የተጻፈለትን ነው። በ2020 በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ስለ ጥቍሮች በደል ታላቅ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ይህ ክርክር በረታ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የትምህርት ቦርዱ ስሙ እንዲነሣ በአንድ ድምፅ ወሰነ። በኤፕሪል 2021 አዲሱ ስም ተመረጠ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮም ቤቱ የአሌክሳንድርያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይባላል። ታይታንስ የሚለው የተጫዋቾቹ ስም እንደ ነበረ ቀረ።

ውሳኔው ትክክል ነው። በትምህርት ቤት በር ላይ የሚጻፍ ስም ለልጅ እንደ አርአያ የሚቀርብ ነው፤ በሩን ለመዝጋት የደከመ ሰው ለበሩ አርአያ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን አዲሱ ስም የከተማዪቱ ስም መሆኑ አንድ በጎና አንድ አስጊ ነገር አለው። በጎው፥ ትናንት የመጣውም ልጅ «የከተማዬ ቤት» ብሎ ሊጠራው መቻሉ ነው። አስጊው፥ የከተማ ስም ታሪክ የማይናገር መሆኑ ነው። የአሮጌው ስም ስሕተት ቢያንስ ጠያቂን ያስነሣ ነበር፤ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ልጅ መልሱን ሲፈልግ ዘጠኙን ልጆች፥ ምግብ አብሳይዋንና የተነሣውን መንደር ያገኝ ነበር። አዲሱን ስም የሚያነብ ልጅ ግን የሚጠይቀው ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ስሙ የተወውን ሥራ ሰዎች ሊሠሩት ይገባል። ከተማው ጥቂቱን ጀምሯል፤ በ2000 የተከፈተ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳሙኤል ታከር ስም ተጠርቷል፤ በ2021ም ሌላው ከፓርከር-ግሬይ በወጡት መምህርት በኔዎሚ ብሩክስ ስም ተሰይሟል። ጥቍሮች ለብቻቸው እንዲያነቡበት የተሠራው ቤተ መጻሕፍትም ዛሬ የታሪካቸው ሙዚየም ሆኗል። የቀረው በየቤቱ የሚሠራ ነው። በዚያ አገር ያላችሁ የእኛ ወላጆች ለልጆቻችሁ የነገሥታቱንና የሊቃውንቱን ታሪክ እንደምትነግሩ፥ ይህንም ጨምራችሁ ንገሩ። ልጃችሁ የተቀመጠበት ወንበር በነጻ የተገኘ አይደለም፤ የዚህ ሕዝብ እናቶች እንጀራቸውን፥ ልጆቻቸውም የልጅነት ሰላማቸውን ከፍለውበታል። በሰው እርሻ ያጨደ ሰው የዘሪውን ስም ሊያውቅ ይገባዋል። ልጁ ይህን ካወቀ፥ በክፍሉ አጠገቡ የሚቀመጠውን ጥቍር አሜሪካዊ ባልንጀራ እንደ ባዕድ አያየውም፤ ገና ከሌላ አገር መጥቶ ቋንቋው ያልተፈታለት ልጅ በሩ ላይ ሲቆምም፥ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ቦታ ይሰጠዋል።